ዳማከሴ እና ሁለቱ ምቾች

ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የዓባይን በረሃ ወጥተን ደጀን ስንደርስ ብርዱ ተቀበለን፤ እህቴ ቤት እያስነጠስኩ ገባሁ። «ምች ነው!» ብላ ከጓሮ ዳማከሴ ቀጠፈች። በመዳፏ አሽታ አፍንጫዬ ሥር ያዘችልኝ፤ ጭማቂውንም ቡና ላይ ጠብ አድርጋ ሰጠችኝ። ነርስ ነኝ ብዬ እምቢ አላልኩም፤ ሽታው እናታችንን ያስታውሰኛል።  ጉንፋን እንደሆነ በራሱ ጊዜ ይለቃል፤ ምስጋናውን ዳማከሴ ቢወስድ ቅር አይለኝም።

ማታ ግን ጎረቤታችን የሁለት ዓመት የልጅ ልጃቸውን አቅፈው መጡ። ሦስት ቀን ዳማከሴ ሲቀቡት ሰንብተዋል። ደረቱን ገልጬ ትንፋሹን አንድ ደቂቃ ሙሉ ቆጠርኩ፤ 54። በዚህ ዕድሜ 40 ከደረሰ ፈጣን ነው። ሲተነፍስ የጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል። የሳንባ ምች! ስሙ ነው ያሳታቸው፤ ምች ሁሉ አንድ መስሏቸው።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው፤ ኦክስጅን ተሰጠው። «እኔ ነኝ ያዘገየሁት፣ ልጄ» አሉኝ በሩ ላይ። መልስ አጣሁ፤ እኔም ያደግሁት በዚያው ቅጠል ነው።

በአራተኛው ቀን ልጁ ወጣ። ስመለስ አንድ እቅፍ ዳማከሴ ላኩልኝ፤ መኪናው አዲስ አበባ ድረስ ሸተተ።