በናይሮቢ ያየነውና ስለ ልጆች ስልክ የተማርነው

ሰው ከአገሩ ወጥቶ ወደ ጎረቤት አገር በሄደ ጊዜ አስቀድሞ የሚያየው ሕንፃውንና መንገዱን፣ የሰዉን አለባበስና የገበያውን ዓይነት ነው። ጥቂት ቀን ሰንብቶ በሰው ቤት ካደረ በኋላ ግን፣ በአገሩ ሳለ መልስ ያጣለትን የገዛ ቤቱን ጥያቄ በዚያው በእንግድነት ቤቱ ያገኘዋል። እኛም ባለፈው ነሐሴ በመሥሪያ ቤታችን ጉዳይ ወደ ናይሮቢ ተልከን ሦስት ሳምንት በቈየን ጊዜ የደረሰብን ይኸው ነው።

ከአዲስ አበባ ከመነሣታችን በፊት የዐሥራ አንድ ዓመት ልጃችን ሻንጣችንን እያዘጋጀችልን፣ «አባዬ፣ ከናይሮቢ ስማርት ስልክ አምጣልኝ፤ ከክፍላችን ልጆች ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» ብላ ለመነችን። እናቷ «ገና ልጅ ናት» አለች፤ አያቷ ደግሞ ከአድዋ በስልክ «ልጅቱን አታስከፉብኝ» አሉ። እኛም እሺ ወይም እንቢ ለማለት ስላልደፈርን «እናያለን» ብለን ሄድን። «እናያለን» የሚለው ቃል በአማርኛ ብዙ ጊዜ መልስ ሳይሆን መልስን ማዘግያ መሆኑን፣ ቋንቋውን በመማር ላይ ያላችሁ አንባቢዎቻችን ሳታውቁት አትቀሩም።

ናይሮቢ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ያህል ታስኬዳለች። ስሟ በማሳይ ቋንቋ «ቀዝቃዛ ውኃ» ከሚል አነጋገር የመጣ ነው፤ የተቈረቈረችውም እ.ኤ.አ. በ1899 ከሞምባሳ ወደ ዩጋንዳ የሚዘረጋው የባቡር ሐዲድ ሠራተኞች በሠፈሩበት ስፍራ ነው። ከፍታዋ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ስለሚጠጋ በነሐሴ ወር ሰማዩ ይዳምናል፤ ማለዳውም ካፖርት ያስለብሳል። ኢትዮጵያዊ እንግዳ በዚያ ከተማ ፈጽሞ ባዕድ አይሆንም፤ በባቡር ጣቢያው አጠገብ የሚያልፈው ሰፊ ጐዳና በኃይለ ሥላሴ ስም ይጠራል፤ እኛ ባረፍንበት በኪሊማኒ ሰፈርም የምኒልክ መንገድ አለ። «ኪሊማኒ» በስዋሂሊ «በኮረብታው ላይ» ማለት ነው።

ነገር ግን ከሁሉ ይልቅ ያስደነቀን የእጅ ስልክ በዚያ ከተማ ኑሮ ውስጥ የያዘው ቦታ ነው። ማታቱ በሚባሉት፣ ጎናቸው በሥዕል በተዥጐረጐረው የሕዝብ ማመላለሻ መኪናዎች የሚሳፈር ሰው ብዙ ጊዜ ሒሳቡን የሚከፍለው በስልኩ ነው፤ በመንገድ ዳር ሙዝ የምትሸጠው ሴትም ገንዘቧን የምትቀበለው በስልኳ ነው። ይህ ኤም-ፔሳ የተባለው ዘዴ በሳፋሪኮም ኩባንያ አማካይነት ሥራውን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው፤ «ፔሳ» በስዋሂሊ ገንዘብ ማለት ነው። ይኸው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2022 በአገራችን የስልክ አገልግሎት፣ በ2023 ደግሞ ኤም-ፔሳን ጀምሯል። ስለዚህ በናይሮቢ ቤቶች ዛሬ የሚያስቸግረው ነገር በአዲስ አበባ ቤቶችም ከበራፍ የቆመ መሆኑን መገመት አያዳግትም።

ያሳደረን የአጎታችን ልጅ ከነቤተሰቡ በናይሮቢ ዐሥራ ሁለት ዓመት ተቀምጧል። የዐሥራ ስድስት ዓመት ሴት ልጅና የዐሥራ ሦስት ዓመት ወንድ ልጅ አሉት። ወራቱ ነሐሴ ስለ ነበረ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ሁለቱም ከቤት ይውሉ ነበር። ሴቲቱ የምትማረው በአዳሪ ትምህርት ቤት ነው፤ በዚያም ተማሪ የራሱን ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ስለ ሆነ ስልክ የምትይዘው በዕረፍት ጊዜ ብቻ ነው። ወንድሟ ግን ከቤቱ እየተመላለሰ ስለሚማር፣ «በመንገድ ሳለ እንድናገኘው» ተብሎ ገና በዐሥር ዓመቱ ስማርት ስልክ ተገዝቶለት ነበር።

በመጀመሪያው ሳምንት ልጁ ሳቂታና ተጫዋች ነበር፤ የስዋሂሊ ቃላትንም ያስተምረን ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ግን ከማዕድ ቀድሞ መነሣት ጀመረ፤ ሲጠሩት ይደነግጣል፤ ስልኩ በጮኸ ቍጥር ፊቱ ይለዋወጣል። እናቱ «ብርድ መትቶት ይሆናል» ብላ ትኩስ ነገር ታጠጣው ነበር። አንድ ሌሊት ውኃ ለመጠጣት ብንነሣ በወጥ ቤቱ ጨለማ ውስጥ ብቻውን ተቀምጦ አገኘነው። «ምነው፣ ምን ሆንህ?» ብንለው «ምንም አልሆንሁም፣ አጎቴ» አለን። እኛም «እንግዲያውስ ተኛ» ብለን ወደ መኝታችን ተመለስን። አጠገቡ ጥቂት ተቀምጠን ቢሆን ኖሮ እያልን ይህን ባሰብን ቍጥር እስከ ዛሬ እናፍራለን።

ነገሩን ያወጣችው ከሦስት ቀን በኋላ እኅቱ ናት። አንድ የማይታወቅ ሰው በስልክ ጨዋታ መካከል እኩያው መስሎ ቀርቦት ኖሯል። በመጀመሪያ ስለ እግር ኳስ ያወራዋል፤ ቀጥሎ ስለ ትምህርት ቤቱ ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻም እያግባባ፣ ልጅ ሊያነሣው የማይገባ ፎቶግራፍ አስነሥቶ ያስልከዋል። ከዚያ በኋላ «ገንዘብ ካልላክህልኝ ይህን ለትምህርት ቤትህ ልጆች ሁሉ እበትነዋለሁ» ብሎ አስፈራራው። ልጁም የእናቱን የምስጢር ቍጥር አይቶ ያውቅ ስለ ነበር ከእርሷ ኤም-ፔሳ ሁለት ጊዜ ገንዘብ ላከለት። ሦስተኛውን ጊዜ ግን ስለ ፈራ ለእኅቱ ተናገረ።

አባት ይህን በሰማ ጊዜ ከመቀመጫው ተነሥቶ ስልኩን ከልጁ እጅ ለመንጠቅ እጁን ዘረጋ። ልጅቱ ግን በመካከል ገብታ፣ «አባዬ፣ እስካሁን ያልነገራችሁ ይህንኑ ፈርቶ እኮ ነው። አሁን ብትነጥቀው፣ ነገ የባሰ ቢደርስበትም አይነግርህም» አለችው። አባትም እጁን መለሰ። ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ ልጁን አጠገቡ አስቀምጦ፣ «ያጠፋው ያ ሰው ነው፤ አንተ ደኅና አደረግህ፤ ነገርኸን» አለው። ልጁ ያን ጊዜ አለቀሰ። ከሁለት ሳምንት ወዲህ በደንብ ሲተነፍስ ያየነው ያን ዕለት ማታ ነው።

በማግስቱ ምክር ጠይቀን ያደረግነው ይህ ነው፤ ገንዘብ ዳግመኛ አልተላከም፤ የተጻጻፉት ሁሉ ሳይጠፋ ተጠበቀ፤ ጉዳዩም ለፖሊስ ተነገረ። በኬንያ ያለ ክፍያ ለሕፃናት ርዳታ የሚደወልበት ቍጥር 116 ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮምፒዩተር ወንጀል ሕግም እንዲህ ያለውን ሥራ ይቀጣል። በእኛም አገር የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 በሕፃናት ላይ በኮምፒዩተር የሚፈጸመውን ነውረኛ ተግባር ወንጀል አድርጎታል። ወላጅ ሕግ መኖሩን ቢያውቅ መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ልጁ ካልተናገረ ሕጉ ወደዚያ ወጥ ቤት ጨለማ ሊደርስ አይችልም።

ስለዚህ «ልጅ በስንት ዓመቱ ስልክ ይሰጠው?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳን። «ክፉ ነገር ቢደርስበት ሳይፈራ ወደ እኛ ይመጣልን?» የሚለው ጥያቄ ሊቀድመው ይገባል። ይህኛው የልጁ ብቻ ፈተና አይደለም፤ የወላጁም ነው።

ከጎረቤት ያለች አንዲት ኬንያዊት እናት ግን ሌላ ነገር አስታወሰችን። በዚያ አገር እናትን በበኵር ልጇ ስም «ማማ እገሌ» እያሉ መጥራት ልማድ ነው፤ ይህችም የሦስት ልጆች እናት ናት። «ስልክ ክፉ ነው አትበሉ» አለችን። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ ትምህርቱ የሚሰጠው በራዲዮ፣ በቴሌቪዥንና በስልክ ነበር፤ ተማሪዎች ሁሉ ወደ ክፍላቸው የተመለሱትም በጥር 2021 ነው። በእርሷ ቤት የነበረው ስልክ አንድ ብቻ ስለ ነበረ ሦስቱ ልጆች በተራ ይማሩ ነበር፤ ተራው ሲያልፍበት ያለቀሰውን መካከለኛ ልጇን አትረሳውም። በኋላም ሁለተኛውን ስልክ የገዛችው «ሊፓ ምዶጎ ምዶጎ»፣ ማለት «ጥቂት በጥቂት ክፈል» በተባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 በተጀመረው ዘዴ በየቀኑ 20 ሽልንግ እየከፈለች ነው። ይህም ስልክ የማንም ልጅ አይደለም፤ የቤቱ ነው። ቀን በሳሎን ይውላል፤ ሌሊት በእርሷ ትራስ አጠገብ ያድራል።

ይህን ስንሰማ የራሳችን ልጅነት ትዝ አለን። በሚስዮን አዳሪ ትምህርት ቤት ሳለን በግቢው የነበረው ስልክ አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በዲሬክተሩ ክፍል ነበር። ተራችን በሚደርስበት ቅዳሜ የእናታችንን ድምፅ ለመስማት ከማለዳ ጀምሮ እንሰለፍ ነበር። በትግራይ ጦርነት ዘመንም፣ ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፣ መስመሩ ለብዙ ወራት ተቋርጦ ያን ድምፅ ሳንሰማ ቈይተናል። ስለዚህ ስልክን የምንንቅ ሰዎች አይደለንም። ልጃችን አያቷን የምትሰማበትን መንገድ ልንዘጋባት አንሻም፤ ማንነቱን የማናውቀው ሰው እርሷን የሚያገኝበትን መንገድ ግን ገና ልንከፍት አልፈለግንም።

በሌላውም ዓለም በዚህ ነገር ብዙ ይመከራል። ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣችው ሕግ ከአንደኛ ደረጃ እስከ መካከለኛ ደረጃ ያሉ ተማሪዎች በትምህርት ቤት በስልክ እንዳይጠቀሙ ከልክላለች። አውስትራሊያ ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በማኅበራዊ መገናኛዎች አካውንት እንዳይኖራቸው የሚያደርግ ሕግ አውጥታ፣ እ.ኤ.አ. ከዲሴምበር 10 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ አውላለች። ከሁሉ የሳበን ግን ግሬይስቶንስ የተባለች የአየርላንድ ከተማ ነገር ነው። በዚያ እ.ኤ.አ. በ2023 የስምንት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የወላጆች ማኅበራት፣ ልጆቻቸው ሁለተኛ ደረጃ እስኪገቡ ድረስ ስማርት ስልክ ላለመስጠት ማንም ሳያስገድዳቸው ተስማሙ። ሁሉም በአንድነት ስለ ተስማሙ «የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ» የሚል ልጅ አይኖርም ማለት ነው።

ከመመለሳችን ሁለት ቀን ቀደም ብሎ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቆች ወደ ተደረደሩበት ወደ ሉቱሊ ጐዳና ወረድን። ሻጩ የሚያብለጨልጩትን ስማርት ስልኮች አንድ በአንድ አሳየን። እኛ ግን ባለ ቍልፍ ተራ ስልክ እንዲያሳየን ጠየቅነው። ሳቀና «ሙሊካ ምዊዚ!» አለን። ይህ ናይሮቢዎች ለእንዲህ ያለው ስልክ ያወጡለት የቀልድ ስም ነው፤ በራሱ ላይ የእጅ ባትሪ ስላለው «ሌባውን አብራበት» ማለት ነው። በ1,800 ሽልንግ ገዛነው።

ልጃችን ሻንጣው ሲከፈት ያንን ስልክ ባየች ጊዜ ምንም አልተናገረችም፤ ለሁለት ቀንም ከእኛ ጋር በደንብ አልተነጋገረችም። ቅጣቱ የሚገባን ስለ ነበረ ተቀበልነው፤ «እናያለን» ብለን ተስፋ የሰጠናት እኛ ነንና። በሚቀጥለው ሳምንት በትምህርት ቤቷ የክፍሏን ልጆች ወላጆች ለምክር ጠራን፤ ዐሥራ አራት መጡ። ከእነዚህም መካከል ዐሥራ አንዱ «ልጄ ስልክ የሌለኝ እኔ ብቻ ነኝ ብሎኛል» ሲሉ ሁላችንም ሳቅን። ኬንያውያን ገንዘባቸውን በጋራ የሚያጠራቅሙበት ቻማ የሚባል ማኅበር አላቸው፤ እንደ እኛ ዕቁብ ያለ ነው። ዕቁብ ገንዘብን ከጠበቀ ስምምነት ልጆችን ስለ ምን አይጠብቅም? «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው ተረት የሚነግረን አንድ ሰው ብቻውን የማይችለውን ሸክም ብዙ ሰው ቢካፈለው እንደሚቀል ነው። ዘጠኝ ወላጆች ልጆቻቸው ስምንተኛ ክፍልን እስኪጨርሱ ድረስ ስማርት ስልክ ላለመስጠት ተስማማን፤ አምስቱ አልተስማሙም፤ ምክንያታቸውንም አከበርን።

በሦስተኛው ቀን ማታ መብራት ጠፋ። ልጃችን ከመኝታዋ ተነሥታ በዚያ ስልክ ባትሪ እያበራች ሻማ ፈለገችልን። ከዚያም በዚያው ስልክ ወደ አድዋ ደውላ ለአያቷ በትግርኛ ረዥም ክስ አሰማች፤ ተከሳሾቹም እኛ ነበርን። የናይሮቢው ልጅ በእኅቱ ስልክ ይደውልልናል፤ በማዕድ ደኅና ይቀመጣል፤ ስልክ ሲጮኽ ግን እስከ አሁን እንደሚደነግጥ አባቱ ነግሮናል።

ልጃችን ከአያቷ ጋር ተነጋግራ ከጨረሰች በኋላ ወረቀትና እርሳስ ይዛ መጣች። «እናያለን አትበሉኝ፤ ጻፉልኝ» አለችን። እኛም ስማርት ስልክ የምናገኝላት ስምንተኛ ክፍልን በምትጨርስበት ሰኔ መሆኑን፣ እስከዚያም ሆነ ከዚያ በኋላ ማናቸውም አስፈሪ ነገር ደርሶባት ብትነግረን ስልኳን እንደማንነጥቃት ጽፈን ከእናቷ ጋር ፈረምንበት። ወረቀቱ ዛሬም በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ይታያል።