ብቻዋን የቀረች ጫጩት

በካምፓላ ማኪንድዬ፣ የሀበሻ ምግብ ቤቶች በበዙበት በካባላጋላ ዙሪያ፣ ጭልፊት እህቶቿን የጨረሰባት ጫጩት ጩኸት ልብ ይነካል። አንገቷን መዝዛ ወዲያ ወዲህ እየሮጠች ትጣራለች፤ ጥሬ ቢበተንላትም ዞር ብላ አታይም።

ሙቀትም ይጎድላታል። በመጀመሪያው ሳምንት 35 ዲግሪ ያህል ያስፈልጋታል፤ የሚያሞቃት እኩያ ግን የለም።

መስታወት ቢቀመጥላት ለጊዜው ጸጥ ትላለች፣ ጓደኛ ግን አይሆናትም። ትልልቆቹ መሃል መጣሏ ደግሞ ጭካኔ ነው፦ ኖርዌያዊው ተመራማሪ ሼልደሩፕ-ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1921 እንዳሳየው ዶሮዎች በመናቆር ማን የበላይ እንደሆነ ይለያሉ፤ ትንሿ ትቆስላለች። እኩያ ጫጩቶች መፈለግ ይሻላል። በቅርቡ የፈለፈለች እናት ከተገኘች፣ ገና የቀናት ዕድሜ ያላትን እንግዳ ማታ በጨለማ ከክንፏ ስር ማስገባት ነው፤ ብዙ ጊዜ ትቀበላታለች። ጫጩቷ የፈንግል በሽታ ከገባበት ቤት የመጣች ከሆነ ግን ፈጽሞ አትቀላቀል።