መብላት ግዴታ ነው ወይስ ይቻላል?

ይኸውላችሁ፣ ባለፈው ቅዳሜ ማታ ሐይቅ ነበርን። ሐይቅ ስንል ውሃው ውስጥ ማለታችን አይደለም፤ ከተማዋን ነው። ከደሴ በወልድያ መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ስትሄዱ የምታገኟት፣ ስሟን ከጎረቤቷ ውሃ የወሰደችው የተሁለደሬዋ ሐይቅ። እኛ ስንል ደግሞ አራት ነን። አንዷ የሐይቅ ልጅ ናት፤ የቤቱም ባለቤት እሷው። አንዱ የደሴ፣ አንዱ የውጫሌ ልጆች ናቸው። አራተኛዋ ጋዜጠኝነት ተመርቃ አዲስ አበባ ውስጥ ሥራ የምትፈልግ፣ እናቷ እንደሚሉት ደግሞ «ዜና የምትጠብቅ» ናት። ይህንንም የምትጽፍላችሁ እሷ ነች። ስም አንጠራም። ደሴ ስንማር አንድ ዴስክ ላይ ተጣብበን ስለተቀመጥን፣ ዛሬም ድረስ ሰው የሚጠራን በጅምላ ነው።

ዕቅዳችን ፊልም ማየት ነበር። ፊልሙ በፍላሽ መጥቷል፣ ፈንዲሻው ፈንድቷል፣ ፍራሹ መሬት ላይ ተነጥፏል። ከዚያ ዝናቡ መጣ፤ እሱ ሲመጣ መብራቱ ሄደ። ላፕቶፑ ደግሞ ከሶኬት ከነቀላችሁት በአምስተኛው ደቂቃ ነፍሱ የምትወጣ ዓይነት ነው። ስልኮቻችንም ቀይ ማሳየት ጀምረዋል። ሻማ ተለኮሰና አራታችንም ዙሪያውን ተቀምጠን ተያየን። ስልክ ያልያዘ ወጣት እጁን የት እንደሚያስቀምጠው እንደማያውቅ ያን ማታ አረጋገጥን።

ይኼኔ የሐይቋ ልጅ ተነሥታ ከአልጋ ሥር የታናሽ ወንድሟን ዳማ አወጣች። ሰሌዳው የቴሌቪዥን ካርቶን ነው። ተቀድዶ፣ በእስክሪብቶ ተሰምሮ፣ ግማሹ ቤት ጠቁሯል። መጫወቻው እንደምታውቁት ቆርኪ ነው፤ ለአንዱ ወገን የቢራ፣ ለሌላው የለስላሳ። ስንቆጥረው 24 መሆን የነበረበት 23 ሆነ። የጎደለውን በባቄላ ተካነው።

«ባቄላው የማን ወገን ይሁን?»

«የሚበላ ነገር ስለሆነ ለደሴው አትስጡት!»

በዚህ ምክንያት ባቄላዋ ለሐይቋ ልጅ ደረሰች። ይህቺን ባቄላ ያዙልን፤ እንመለስባታለን።

የመጀመሪያው ጨዋታ በደሴውና በውጫሌው መካከል ነበር። ምን አለፋችሁ፣ አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ጭቅጭቅ ተነሣ። የውጫሌው የሚበላው ቆርኪ ፊቱ ቆሞ ሳለ ዘሎት ሌላ ቆርኪ አንቀሳቀሰ።

«መብላት ግዴታ ነው!» አለ የደሴው። «ካልበላህ ያንተ ቆርኪ ይነሣል።»

«እኛ ጋ ግዴታ የለም። ከፈለግክ መብላት ይቻላል፣ ካልፈለግክ ትተዋለህ።»

«ድሮስ! ውጫሌ ላይ የተስማሙበት ነገር መቼ አንድ ትርጉም ኖሮት ያውቃል?»

ሣቃችን ሻማውን ሊያጠፋው ነበር። (ታሪክ ክፍል ስትተኙ ለነበራችሁ እናስታውሳችሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክና የኢጣሊያው መልእክተኛ አንቶኔሊ እዚሁ አምባሰል፣ ውጫሌ ላይ 20 አንቀጽ ያለው ውል ተዋዋሉ። የአማርኛው አንቀጽ 17 ንጉሠ ነገሥቱ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ አጋዥነት መላላክ «ይቻላቸዋል» ይላል። የኢጣሊያንኛው ግን ያንኑ ግዴታ አደረገው። ኢጣሊያም በዚያ ቃል ተንጠላጥላ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አሳወቀች። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱት። ጉዳዩ ያለቀው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ነው።) እኛ ግን በአንድ ቆርኪ ምክንያት አድዋ ድረስ መሄድ ስላልፈለግን ድምፅ ሰጠን። ሦስት ለአንድ፤ መብላት ግዴታ ሆነ። የውጫሌው «ይህ ውል በኃይል የተጫነብኝ ነው» ብሎ ተቃውሞውን አስመዘገበ።

የጨዋታ ነገር ከተነሣ ጋዜጠኛዋም ያነበበችውን ካልተናገረች እንቅልፍ አይወስዳትም። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ስለ ገበጣችንም ስለ ሰንጠረዣችንም ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። የኛ ሰንጠረዥ ከዛሬው ቼዝ የሚለይበት አንድ አስገራሚ ነገር አለው፤ አጀማመሩ ተራ የለውም። «ወረራ» ይባላል። የመጀመሪያው እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተጫዋቾች የፈለጉትን ያህል ያንቀሳቅሳሉ። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንድ ሰው ከተበላ በኋላ ነው። እቴጌ ጣይቱም ሰንጠረዥ ይጫወቱ እንደነበር ይነገራል።

«አንቀጽ 17ን በተመለከተ ከአንቶኔሊ ጋር ፊት ለፊት የተከራከሩት ለዚህ ነዋ!» አለች የሐይቋ ልጅ። «ተጫዋች ሰው ሕጉን ደግሞ ያነባል።»

ይህን ስትል ሁላችንም ሣቅን። ቆይተን ስናስበው ግን እሷ አልሣቀችም ነበር።

ሁለተኛው ጨዋታ የሐይቋና የደሴው ነበር። እናቷ ጓዳ ውስጥ ቡና እያፈሉ አምባሰል ያንጎራጉራሉ። (አገሩ ላይ ተቀምጦ ቅኝቱን መስማት ሌላ ነገር ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬ… ከአራቱ ሁለቱ ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ከወሎ ነው።) ጨዋታው መሐል ላይ ሲደርስ ሁለት ቆርኪ በአንድ ዝላይ የምትበላበት መንገድ ተከፈተላት። አየችው፤ እኛም አየነው። እጇን ግን አልዘረጋችም።

«ብዪ እንጂ!» አላት የደሴው።

«አልበላም።»

«ግዴታ ነው ተባብለን የለ?»

«ስንቱን ተባብለን ነበር» አለች፤ ቀስ ብላ።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው ብቻ ተሰማ። ስለ ዳማ እንዳልተናገረች አራታችንም ገብቶናል።

በ2013 ክረምት፣ ጦርነቱ ወደ ወሎ እየመጣ ነው በሚባልበት ሰሞን፣ ሐይቁ ዳር ተቀምጠን «ከተነሣን አብረን ነው የምንነሣው» ብለን ነበር። አልተጻፈም፤ ማኅተም የለውም። ጥቅምት 2014 ሊያልቅ ሲል ጦርነቱ በውጫሌ፣ በሐይቅ አድርጎ ደሴ ደረሰ። እኛ ወጣን። እዚህ ላይ እኛ ስንል ሦስታችንን ነው። የውጫሌው ቀድሞ ተፈናቅሎ ደሴ ነበር። ያገኘነው አይሱዙ ላይ ተሰቅለን ኮምቦልቻ፣ ከዚያ አዲስ አበባ ገባን። እሷ ቀረች። እናቷ እግራቸውን ታመው መራመድ አይችሉም ነበር፤ መኪናም አልነበረም። ደሴና ኮምቦልቻ ወደ መንግሥት እጅ የተመለሱት ኅዳር 27 ቀን ነው። የእሷን ድምፅ የሰማነው ከዚያም ቆይቶ፣ ስልክ ሲመለስ ነበር። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» አለችን። እኛም ደህና ነኝ ካለች ደህና ናት ብለን ዓመታት አሳለፍን። ሠርግ አብረን ሄድን፣ ለቅሶ አብረን ደረስን፤ ያን ወር ግን ማናችንም አንሥተነው አናውቅም።

«መኪና እንዳልነበራችሁ አውቃለሁ» አለች፤ ዓይኗን ከካርቶኑ ሳታነሣ። «መጥታችሁ ውሰዱኝ አላልኩም። ግን መስመሩ ሳይቋረጥ ሁለት ቀን ስልኬ ይሠራ ነበር። ሁለት ቀን ሙሉ ቻርጁ እንዳያልቅ ብዬ ባትሪውን እንኳ አላበራሁበትም። ጨለማ ውስጥ ነው የተቀመጥነው።»

«ደውዬ ምን እልሻለሁ?» አለ የደሴው። ድምፁ የሱ አይመስልም ነበር። «ወጥተናል ልበልሽ?»

«አዎ። እሱኑ።»

ያን ቃል እንደ ግዴታ ያነበበችው እሷ ነበረች። እኛ «ከተቻለ» የሚል ጨምረንበት ነበር፤ ሳንነግራት። የውጫሌው አጎንብሶ ባቄላዋን ያያል። ጋዜጠኛዋ ደግሞ ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ተፈናቃይ ባገኘች ቁጥር «እንዴት ወጣችሁ?» እያለች ትጠይቅ ነበር፤ ደብተር ሙሉ ጽፋለች። «እንዴት ቀራችሁ?» ብላ አንድም ሰው አልጠየቀችም። ጓደኛዋንም ጭምር።

ይቅርታ ጠየቅን። ባጭሩ ነው፤ የተዘጋጀ ነገር አልነበረንም። «ፈርተን ነው» አልን። ድምፅሽን ሰምተን መሄድ የምንችል አልመሰለንም ነበር። እውነቱ ይኼ ነው። የሚያምር አይደለም። እሷም «እሺ» አላለችም፣ «ግድ የለም»ም አላለችም። ዝም ብላ ሻማውን አስተካከለች።

ከዚያ እናቷ እያነከሱ ቡናውን ይዘው መጡ።

«ምነው ዝም አላችሁሳ ልጆች? ማን ተበላ?»

«እኛ ነን እማማ» አለ የውጫሌው።

«አብሽሩ፣ ነገም ጨዋታ አለ» አሉና ተቀምጠው ዱአ አደረጉ። ለቤቱ፣ ለአገሩ፣ ለመንገደኛው፣ ሥራ ላጣችውም ልጅ (ይህቺ ለእኛ ናት)። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም «አሚን» አልን። አቦሉ ወጣ፤ ቶናው ቀጠለ።

በረካው ሳይደርስ የሐይቋ ልጅ ካርቶኑን ገለበጠችው። (ቆርኪዎቹን ቦታቸውን በስልክ ፎቶ ካነሣች በኋላ ነው፤ እያሸነፈች ነበርና!) «እንጻፈው» አለች። በአንድ ቋንቋ፣ በአንድ ቅጂ ጻፍነው። አንደኛ፣ መብላት ግዴታ ነው። ሁለተኛ፣ የነካ ይጫወታል። ሦስተኛ፣ የጠፋ ቆርኪ በባቄላ ይተካል። አራተኛውን እስክሪብቶውን ተቀብላ ራሷ ጻፈችው። የሚሄድ ሰው ይደውላል።

«ይህ የዳማ ሕግ ነው?» አለ የደሴው።

«ፈርም» አለችው። ፈረመ። ሁላችንም ፈረምን።

ጨዋታው ከቆመበት ቀጠለ። ሁለቱን ቆርኪዎች በላች። ያቺ ባቄላም እየዘለለች የመጨረሻው መስመር ደርሳ ነገሠች። የደሴው በባቄላ ተሸነፈ። ይህን ለትውልድ እናስተላልፋለን።

እንግዲህ ሁሉም ነገር ተስተካከለ ብለን አንዋሻችሁም። የአንድ ወር ጨለማ በአንድ ማታ ሻማ አይካካስም። ግን እሑድ ጠዋት መናኸሪያ ድረስ ሸኘችን። የውጫሌው ወደ ቤቱ፣ እኛ ወደ ደሴ። ሚኒባሱ ገና ከከተማዋ ሳይወጣ የደሴው ስልኩን አወጣና ደወለላት፤ ድምፁንም ለሁላችን ከፈተው።

«ወጥተናል» አላት።

«አሁን አይደል እንዴ የሸኘኋችሁ? ያማችኋል?» ብላ ጆሯችን ላይ ዘጋችብን።

ከመዝጋቷ በፊት ግን ስትሥቅ ሰምተናታል።