በአልዛይመር ቤተ ሙከራ የነበሩት አፍሪካዊ

አንድ አዛውንት የገዛ ልጃቸውን ስም ሲረሱ፣ አርባ ዓመት የተመላለሱበት የቤታቸው መንገድ ሲጠፋቸው፣ በሀገር ቤት የሚባለው አንድ ቃል ነው፦ «ጃጁ»። ቃሉ ነገሩን ይዘጋዋል። ዕድሜ ነው፤ ምን ይደረጋል? ሐኪም ዘንድ የሚወስዳቸው ጥቂት ነው። ጠያቂውም ከንፈሩን መጥጦ፣ ቡናውን ጠጥቶ ይወጣል።

ከመቶ ዓመት በፊት የአውሮፓና የአሜሪካ ሐኪሞችም ከዚህ ብዙ የራቁ አልነበሩም። «ይህ እርጅና ነው ወይስ በሽታ?» የሚለውን ጥያቄ በማይክሮስኮፕ ሥር አስቀምጠው ከመረመሩት ጥቂት ሰዎች አንዱ ላይቤሪያ የተወለዱ ጥቁር ሐኪም ነበሩ። ሰለሞን ካርተር ፉለር ይባላሉ። የአልዛይመርን ስም ያልሰማ የለም። የፉለርን ስም የሰማ ግን ስንት ሰው ነው? (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ፉለር የተወለዱት በ1872 ሞንሮቪያ ነው። አያታቸው በአሜሪካ ቨርጂኒያ በባርነት ኖረው፣ ነፃነታቸውን በገንዘብ ገዝተው ወደ ላይቤሪያ የተሻገሩ ሰው ነበሩ። የልጅ ልጅየው በ1889 ያንኑ ውቅያኖስ ወደ ኋላ ተሻገሩ፤ ለትምህርት። በሰሜን ካሮላይና ሊቪንግስተን ኮሌጅን ጨረሱ፤ በ1897 ከቦስተን ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያም በማሳቹሴትስ ዌስትቦሮ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ሥራ ጀመሩ። ሥራቸው በሞት የተለዩ ሕሙማንን አንጎል መመርመር ነበር።

በ1904 ወደ ጀርመን ሄዱ። ሙኒክ ውስጥ አሎይስ አልዛይመር የአንጎል ቤተ ሙከራ ይመሩ ነበር። ለምርምር ረዳትነት አምስት የውጭ ሀገር ሐኪሞችን መረጡ። ከአምስቱ አንዱ ፉለር ሆኑ። በዚያ ዘመን በአሜሪካ ብዙ ቦታ ጥቁርና ነጭ በአንድ ባቡር ክፍል አይሳፈሩም ነበር። በሙኒክ ግን የባሪያ የልጅ ልጅ ከአውሮፓ ሐኪሞች ጎን ቁጭ ብሎ አንድ ዓይነት አንጎል ይመረምር ነበር።

ለመሆኑ የቤተ ሙከራ ረዳት ምን ይሠራል? ብዙዎች «ረዳት» ሲባል ዕቃ አቀባይ ይመስላቸዋል። ነገሩ ሌላ ነው። ከራስ ቅል የወጣ ትኩስ አንጎል እጅግ ለስላሳ ነው፤ ቢላ አይሸከምም። በፎርማሊን ውስጥ ቆይቶ መጠንከር አለበት። ከዚያ ማይክሮቶም በሚባል ስለታም መሣሪያ ብርሃን እስኪያሳልፍ ድረስ በስሱ ይቆረጣል። እያንዳንዱ ቁራጭ ተነስቶ በብርሐ ብር ውህድ ይቀለማል። ቀለሙ ካነሰ ምንም አይታይም፤ ከበዛ ሁሉም ይጠቁራል። ሲበላሽ ተጥሎ እንደገና ይጀመራል። የተሳካው ማይክሮስኮፕ ሥር ይገባና ረዳቱ አጎንብሶ ሰዓታት ይቆጥራል፤ ያየውንም በእጁ ይስላል። አልዛይመር ከአንዱ ተማሪ ወደ ሌላው እየዞሩ አብረው ያዩ ነበር ይባላል፤ ሲጋራቸውን እየረሱ ስለሚያልፉም ማታ ላይ በየማይክሮስኮፑ አጠገብ የሲጋራ ቁራጭ ይገኝ ነበር።

እዚህ ላይ ታሪኩን ማጋነን አያስፈልግም። በሽታውን ያገኙት ፉለር አይደሉም። አልዛይመር በፍራንክፈርት ያውቋቸው የነበሩት ታማሚ አውጉስተ ዴተር የሞቱት በሚያዝያ 1906 ነው። አንጎላቸው ወደ ሙኒክ ተልኮ፣ አልዛይመር በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በቱቢንገን ጉባኤ ያዩትን ተናገሩ። በሴሎቹ መካከል የተጠራቀሙ ፕላኮች፣ በሴሎቹ ውስጥ ደግሞ የተጠላለፉ ክሮች ነበሩ። ፉለር አንድ ዓመት ያህል ሠርተው ወደ ዌስትቦሮ የተመለሱት ከዚያ በፊት ነው።

የፉለር አስተዋጽኦ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። በ1911 በአረጋውያን አንጎል ውስጥ ስለሚገኙት ፕላኮች ጥናት አሳተሙ። በ1912 ደግሞ እስከዚያ ድረስ የታወቁትን የአልዛይመር በሽታ ታማሚዎች ታሪክ በሙሉ በእንግሊዝኛ ሰብስበው ገመገሙ፤ ራሳቸው የመረመሩትን ታማሚም ዘጠነኛ አድርገው ጨመሩ። የአሜሪካ ሐኪም ስለዚህ በሽታ በቋንቋው በዝርዝር ያነበበው በእሳቸው እጅ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን ጥርጣሬያቸው ነው። ፉለር የአእምሮ መታወክ ያልታየባቸውን አረጋውያን አንጎልም ከፍተው አይተዋል፤ ፕላክ እዚያም አገኙ። ስለዚህ ፕላክ ስለታየ ብቻ «ይህ ነው በሽታው» ማለት አይቻልም አሉ። በዘመኑ ብዙዎች ምክንያቱ የደም ሥር መጠንከር ነው ይሉ ነበር፤ በዚያም አልተስማሙም። ከቀለም ማጠቢያው ተነስቶ እስከ ማይክሮስኮፑ ድረስ ሥራውን በገዛ እጁ የሠራ ሰው እንዲህ ይጠነቀቃል። ያየውንና የተመኘውን ለይቶ ያውቃል።

ይህ ጥንቃቄ ዛሬም ያስፈልጋል። በ2006 ኔቸር መጽሔት ላይ የወጣ አንድ ጥናት፣ ለመርሳት በሽታ ምክንያቱ የተወሰነ የአሚሎይድ ፕሮቲን ዓይነት ነው የሚለውን ሐሳብ አጠናክሮ በሺዎች በሚቆጠሩ ጽሑፎች ተጠቅሷል። በውስጡ ያሉት ምስሎች እንደተነካኩ ተደርሶበት በ2024 ተሰረዘ። በሌላ በኩል አሚሎይድን ከአንጎል የሚያጸዳው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት በ2023 በአሜሪካ ሙሉ ፈቃድ አግኝቷል። ፕላኩን ይቀንሳል፤ የበሽታውን ግስጋሴ በመጠኑ ያዘገያል፤ ግን አያቆመውም፤ የጠፋውንም አይመልስም። ፉለር በ1911 ያነሱት ጥያቄ ገና አልተዘጋም ማለት ነው።

ታዲያ ለዚህ ሰው የተከፈላቸው ምን ነበር?

በተመረቁበት ዩኒቨርሲቲ ከሠላሳ ዓመት በላይ አስተማሩ። ደመወዛቸው ከነጭ ባልደረቦቻቸው ያነሰ ነበር። ለአምስት ዓመት ያህል የነርቭ ሕክምና ክፍሉን በተግባር መሩ፤ የኃላፊነቱ ማዕረግ ግን አልተሰጣቸውም። በ1933 አንድ ነጭ ባልደረባቸው ከእሳቸው በላይ ከፍ ብሎ የክፍሉ ኃላፊ ተደረገ። ፉለር ጡረታ ወጡ። በኋላ በስኳር በሽታ ምክንያት ዓይናቸው ጠፋ። ዕድሜያቸውን በሙሉ በማይክሮስኮፕ ያዩ ዓይኖች ጨለሙ፤ እሳቸው ግን ሕሙማን ማየታቸውን አልተዉም። በ1953 አረፉ። ቦስተን ውስጥ አንድ የአእምሮ ጤና ማዕከል በስማቸው የተሰየመው ካለፉ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

በዚህ ቤት ውስጥ የኢትዮጵያም ስም አለ። በ1909 ያገቧቸው ሜታ ዋሪክ ፉለር ቀራጺ ነበሩ። በ1921 ኒውዮርክ ለታየ ዐውደ ርእይ «ኢትዮጵያ» የተባለውን ሐውልት የቀረጹት እሳቸው ናቸው፤ ከመግነዝ ቀስ እያለች የምትነቃ ሴት። ሐውልቱ ስለ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ የሚናገር ነው፤ ለዚያ መጠሪያ ይሆን ዘንድ የተመረጠው ግን የኢትዮጵያ ስም ነበር። ባል የሙታንን አንጎል ይመረምራሉ፤ ሚስት ከመግነዝ የምትነሳ ሴት ይቀርጻሉ። ሁለቱም በፍሬሚንግሃም ከተማ በአንድ ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር፤ ጥቁሮች ስለሆኑ መምጣታቸውን የተቃወሙ ጎረቤቶች ባሉበት ሰፈር።

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይባላል። እውነት ነው፤ ግን የማን ስም? በሳይንስ አንድ ስም ከላይ ይጻፋል፤ ከሥሩ አንጎል የቆረጡ፣ ቀለም የቀቡ፣ የተበላሸውን ጥለው ሌሊቱን እንደገና የጀመሩ እጆች አሉ። ዛሬም በውጭ ሀገር ቤተ ሙከራ ውስጥ እሑድ ከሰዓት ለሴሎች ምግብ ሊቀይር የሚገባ ወጣት አለ፤ ምናልባት ከአዲስ አበባ ወይም ከጎንደር የሄደ። ስሙ በጽሑፉ ላይ አራተኛ ወይም አምስተኛ ይሆን ይሆናል፤ ወይም አይኖርም። የሚሠራው ግን የጥናቱ እውነት የሚቆምበትን ወይም የሚፈርስበትን ሥራ ነው።

ሀገር ቤት ደግሞ አዛውንቱ አሁንም ቁጭ ብለዋል። ልጃቸውን «አንተ ማነህ?» ይሏታል። ጠያቂው «ጃጁ» ለማለት አፉን ሲከፍት፣ አንድ የላይቤሪያ ልጅ ከመቶ ዓመት በፊት ለዚህ ቃል ዕድሜውን የሰጠ ጥያቄ እንዳነሳ ቢያስታውስ መልካም ነው፦ እርጅና ነው ወይስ በሽታ? በሽታ ከሆነ ሐኪም ሊያያቸው ይገባል። አንዳንዱ መርሳት ከታይሮይድ፣ ከቫይታሚን እጥረት ወይም ከድብርት የሚመጣ ነው፤ ሲታከም ይሻሻላል። ያንን ለማወቅ ግን መጀመሪያ መጠየቅ ያስፈልጋል።