ኔትወርክ ያለባት ጥድ

ለዕረፍት የሚሄድ ሰው ሁሉ ከመንገዱ በፊት አንድ ፉከራ አለው። የእኔ ፉከራ «ስልኬን ዘግቼ እከርማለሁ» የሚል ነበር። ጥር 2012 ዓ.ም. ጥምቀትን ከአክስቴ ዘንድ ላከብር ወደ ቦረና ስነሣ፣ ለሥራ ባልደረቦቼም፣ ለወዳጆቼም፣ ለሰፈሬ ባለሱቅ ሳይቀር ይህንኑ ስለፍፍ ሰነበትኩ። «ዐሥር ቀን ሙሉ የለሁም፤ ሞቷል በሉኝ» አልኩ። ሞቷል ማሰኘቱ ቀላል ነው፤ ጭንቁ መቃብር ውስጥ መቆየቱ ላይ ነው።

ከደሴ ወደ ምዕራብ የሚያቀናው መንገድ ጉጉፍቱ ላይ ሲወጣ ብርዱ አጥንት ይዘልቃል። አቀስታ ላይ ትኩስ ሻይ ይጠጣል፤ ከዚያ ደግሞ ደጋው ሜዳ በሜዳ ሆኖ ይዘረጋል። መካነ ሰላም ስንደርስ ጀምበር አዘቅዝቃ ነበር። የሰላም ስፍራ! ስሙ ራሱ ዕረፍት ነው። በከተማይቱ ውስጥ ስልክም ኢንተርኔትም አለ። የአክስቴ ቤት ግን ከከተማይቱ የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ቁልቁለቱን ወርደን ወንዙን ስንሻገር በስልኬ ግንባር ላይ የነበሩት ትንንሽ ዘንጎች አንድ በአንድ ወደቁ። «ተገላገልኩ» አልኩ በልቤ።

በዚያ አገር ደንቆሮ ጫካ የሚባል ስመ ጥር ደን አለ። ዛሬ የቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ብሔራዊ ፓርክ ይሉታል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ይኖሩበታል። ስሙን በሰማሁ ቁጥር እስቅ ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን የደነቆረው ጫካው ሳይሆን እኪሴ ውስጥ ያለው ዕቃ መሆኑ ገባኝ፤ ሳቄም አብሮ ጠፋ።

እውነቱን ልናገር፤ የምጠብቀው ነገር አልነበረም። አስቸኳይ ሥራ አላስቀረሁም። የታመመብኝ ሰው የለም። ሆኖም እጄ በየደቂቃው ኪሴን ይዳብሳል። ማን ፈልጎኝ ይሆን? ማን ጽፎልኝ ይሆን? ከዚህ ጥያቄ በታች ደግሞ ሌላ፣ ለመጠየቅ የማይደፈር ጥያቄ ተቀምጧል፤ ማንም ባይፈልገኝስ?

አክስቴ ሁኔታዬን አይታ ኖሯል።

«ምን ጠፍቶህ ነው ኪስህን እንዲህ የምትዳብሰው?» አለችኝ።

«ኔትወርክ ነዋ!»

«እሱማ ጥዷ ዘንድ ነው።»

የምንጩን ውኃ እንደምታመላክት ሁሉ፣ ምንም ሳይደንቃት ነበር የነገረችኝ። ዕለቱ እሁድ፣ የከተራ ዕለት ነበር። ታቦቱ የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነውና ጠዋት ደርሼ እመለሳለሁ ብዬ ተነሣሁ። ጎረቤታችን እትዬም ከትንሹ ልጃቸው ጋር ወደዚያው ሊወጡ ኖሮ «አብሽር፣ አብረን እንሄዳለን» አሉኝ። ስልካቸው በፌስታል ተጠቅልሎ እጉያቸው ውስጥ ነው። ቤታቸው መብራት የለምና ከአንድ ባለ ሶላር ዘንድ ከፍለው ሞልተውታል። ስልኩን የላከችላቸው ቤይሩት ያለችው ልጃቸው ናት።

ጥዷ ያለችው ከኮረብታው ጫፍ ላይ ነው። ከዚያ ላይ ሆነው ሲያዩ የአባይ ሸለቆ ከታች ይከፈታል፤ ማዶው ጎጃም ነው። ከሥሯ ወደ ዐሥራ አምስት ሰዎች ተሰብስበው ነበር። ትንሽ ገበያ ትመስላለች፤ የሚሸጠው ግን ድምፅ ብቻ ነው። አንዱ ስለ በሬ ዋጋ ይከራከራል፤ አንዷ ታለቅሳለች፤ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሥሩ ላይ ተቀምጦ ውጤቱን ይጠብቃል። ቦታው ሥርዐት አለው። «ጋሼ፣ ይቺ ድንጋይ ላይ ቆመው ፊትዎን ወደ ጎጃም ያዙሩ» አለኝ የእትዬ ልጅ። እንደ ታዘዝኩት ቆምኩ። ዘንጎቹ ተመለሱ። ስልኬ ነዘረ፤ ደግሞ ነዘረ፤ ልቤም አብሮ ነዘረ።

አርባ ሦስት መልእክት። ሠላሳው ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ የመጣ የ«መልካም በዓል» ሥዕል ነው። ሰባቱ ማስታወቂያ፤ አምስቱ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር ያለሁበት የዕድርና የሠርግ ወሬ። አንዱ የቀልድ ቪዲዮ ሆኖ አልከፈት አለ። ወንበሬ ላይ ማን ይቀመጥ ብሎ የተጨነቀ አንድም ባልደረባ አላገኘሁም። ለዚህ ነው ዳገቱን የወጣሁት!

ቀጥሎ የእትዬ ተራ ሆነ። ልጁ የኢሞ ባለሙያ ነው፤ ነካ ነካ አድርጎ ደወለ። ምስሉ መጣ። ልጅቱ እሁድን ዕረፍት ከሚያገኙት ዕድለኞች አንዷ ናትና ከጓደኞቿ ጋር እባሕሩ ዳር ወጥታለች። ስልኩን አዙራ ባሕሩን ለእናቷ አሳየች። አባይን ከገደል አፋፍ እንጂ ከዚያ የሰፋ ውኃ አይተው የማያውቁት እናት ዐይናቸውን አጠበቡ።

«ይኸ ሁሉ ውኃ ነው?»

«ውኃ ነው እማ፤ ግን ጨው ነው፤ አይጠጣም።»

«ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል?»

ከጥዷ ሥር ያለው ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ቤይሩት ያሉትም ሳቁ። ወዲያው ምስሉ ደረቀ። ልጅቱ አፏን እንደ ከፈተች ቀረች። ልጁ ስልኩን ወደ ሰማይ አነሣ፤ ጥዷ ላይ ወጣ፤ አልሆነም። እኔ ተናደድኩ። እትዬ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው «አየኋት፤ ደህና ናት፤ አልሐምዱሊላህ» አሉና ለመውረድ ተነሡ። ከመውረዳቸው በፊት የልጅቱን ቁጥር ስልኬ ላይ እንድመዘግብ አደረጉ። «አንተ አዲስ አበባ ነህ፤ ለክፉም ለደጉም ይዘኸው ሂድ።»

ስንወርድ የልጅነቴን ደብዳቤዎች አሰብኩ። ያኔ ወሬ የሚመጣው በትምህርት ቤቱ የፖስታ ሣጥን ቁጥር፣ ከወር በኋላ ነበር። ስልክ ከሆነ ደግሞ በመልእክተኛ የጥሪ ወረቀት ይላክና በተባለው ቀን ከተማ ወጥቶ ስልክ ቤት ደጃፍ ሲጠብቁ መዋል ነው። ኢንተርኔት ወደ አገራችን በጥር 1989 ዓ.ም. ሲገባ፣ ሞባይልም በ1991 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር፣ ጥዷ እዚያው ቆማ ነበር፤ ማንም አልፈለጋትም። የዚያን ዘመን ደብዳቤ ታስታውሱ እንደ ሆነ፣ ገጹን የሚሞላው ሰላምታው ነው። «ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ደህና ነኝ» ይልና፣ የእያንዳንዱን ቤተሰብ ስም እየጠራ ይወርዳል። እኛ ተምረናል ባዮቹ እንስቅበት ነበር። «ወረቀት መጨረስ! ቁም ነገሩስ የታል?» እንል ነበር። ቁም ነገሩ እሱ ራሱ ኖሯል።

ይህ የገባኝ በዚያው ዓመት ክረምት ነው። ቤይሩት ገንዘቧ ወድቆ ደመወዝ መክፈል ያቃታቸው አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እያመጡ በኢትዮጵያ ቆንስላ ደጃፍ የጣሉበት ዘመን ነበር። በእኛም አገር ከሰኔ 23 ቀን ጀምሮ ለሦስት ሳምንት ያህል ኢንተርኔት ተዘግቶ ቆይቷል። ከተከፈተ ብዙም ሳይቆይ፣ ሐምሌ 28 ቀን 2012 ዓ.ም. ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ፣ ቤይሩት ወደብ ተከማችቶ የነበረ 2,750 ቶን አሞኒየም ናይትሬት ፈነዳ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ያንን ጭስ በስልኬ ሳይ ከበስተጀርባው ያለውን ባሕር ዐወቅሁት። ለእትዬ የማይጠጣው ባሕር ነው።

ጽሑፍ ላክሁ። መልስ የለም። ደወልኩ። አይነሣም። በማግስቱ ማለዳ የእትዬ ልጅ ደወለ፤ ዝናቡ በስልኩ ውስጥ ይሰማል። «ጋሼ፣ ቤይሩት ምን ሆነ ነው ሬዲዮው የሚለው?» እሞክራለሁ ከማለት በቀር ምን እላለሁ? ሥራ ገብቼ ምንም ሳልሠራ ዋልኩ። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ የድምፅ መልእክት መጣ። «ደህና ነኝ። መስኮቱ ነው የረገፈው። ለእማ ንገርልኝ።»

ስደውል ገና ጥዷ ሥር ነበሩ፤ እትዬ ከማለዳ ጀምሮ አልወረዱም። «ደህና ናት» ብላቸው አላመኑኝም። «ድምፅዋን አሰማኝ» አሉ። ሌላ ስልክ ከባልደረባዬ ለመንኩና፣ የአንዱን ስልክ አፍ ከሌላው ጆሮ ጋር ገጥሜ መልእክቷን አሰማኋቸው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። በአራተኛው ላይ አልቅሰው ዘጉት።

ይህ ዘዴ በኋላም አስፈለገ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ማብቂያ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተዘጋ፤ ኢሞ ማለት ባዶ ሥዕል ሆነ። ልጅቱ ድምፅዋን ቀርጻ ለእኔ ትልካለች፤ እኔ ተራው ስልክ በሚሠራበት ቀን እደውልና ሁለቱን ስልኮች ማዕድ ቤቴ ጠረጴዛ ላይ አፍና ጆሮ አጋጥሜ አስቀምጣለሁ። ቤቴ ውስጥ ፈጣን ኢንተርኔት አለ፤ በቀን ውስጥ የሚያልፍበትን ወሬ ቆጥሬ አልጨርሰውም። ከዚያ ሁሉ መካከል መቅረቱ ሰው የሚጎዳው ግን ያ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ነበር።

«ስልኬን ዘግቼ እከርማለሁ» ማለትን ከዚያ ወዲህ ትቻለሁ። መዝጋት የሚያምረው በገዛ እጅ ሲሆን፣ ለዚያውም የሚጠብቅ ሰው ከሌለ ነው።

ከእነዚያ እሁዶች በአንዱ ልጅቱ ከባሕሩ ዳር ሆና ቀርጻ ልካ ኖሮ፣ ከድምፅዋ ጀርባ አንድ የሚያጓራ ነገር ይሰማል። እትዬ ሰምተው ሲጨርሱ ዝም አሉ።

«ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«ባሕሩ ነው፣ እትዬ።»

ትንሽ አሰቡ።

«አሁንም አይጠጣም?»