አሮጌውን ዊንዶውስ ከቤት ስለ ማውጣት

ያረጀ ዕቃ ከቤት ሲወጣ አስቀድሞ ውስጡን መፈተሽ የቈየ ወግ ነው። ሣጥን የሚጥል ሰው ክዳኑን ይከፍታል፤ ካፖርቱን ለሌላ የሚሰጥም ኪሱን ይዳብሳል። ዛሬ በየቤታችን የሚገኘውን ኮምፒውተር በሚመለከት ግን ይህ ጥንቃቄ ብዙ ጊዜ ሲጓደል አያለሁና፥ በቤተ ሰባችን የሆነውን ነገር ለአንባቢዎች ልገልጽ ወደድሁ። ቀኖቹን የምጽፈው በአገራችን አቆጣጠር ነው።

ኮምፒውተርን የሚያሠራው ዋናው ፕሮግራም ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይባላል። በቤታችን የነበረው ጥቅምት 15 ቀን 1994 ዓ.ም. ለገበያ የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። ሠሪው ማይክሮሶፍት መጋቢት 30 ቀን 2006 ዓ.ም. ጥበቃውን አቆመ። ጥበቃው ቆመ ማለት ፕሮግራሙ መሥራቱን ተወ ማለት አይደለም፤ አዲስ ቀዳዳ ሲገኝበት የሚደፍንለት የለም ማለት ነው እንጂ። በኋላም በዚያው ዲስክ በሌላው ክፍል ዊንዶውስ 7 ስለ ተጨመረ፥ ሁለቱ ጐን ለጐን ተቀምጠው፥ ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቍጥር የትኛውን እንደምንፈልግ ይጠይቀን ነበር።

ያረጀ ፕሮግራም የሚያመጣው ጉዳት ግንቦት 4 ቀን 2009 ዓ.ም. ለዓለም ተገለጠ። ዋናክራይ የተባለው ተንኰለኛ ፕሮግራም በጥቂት ቀን ውስጥ ከ150 በሚበልጡ አገሮች ተዛምቶ፥ የሰውን ጽሑፍ እየቈለፈ የመክፈቻ ገንዘብ ጠየቀ። በእንግሊዝ አገር ሆስፒታሎች የበሽተኞችን ቀጠሮ እስከ መሰረዝ ደረሱ። ጥበቃቸው ላልቆመ ዊንዶውሶች መድፈኛው ከሁለት ወር በፊት በመጋቢት ወጥቶ ነበር፤ ለኤክስፒ ግን ለሁሉ የተሰጠው አደጋው ከደረሰ በኋላ፥ ያውም በልዩ አስተያየት ነው። እንዲህ ያለ ችሮታ ሁልጊዜ አይጠበቅምና፥ በዚያው ክረምት አሮጌውን ለማስወገድ ቈረጥን።

ነገር ግን ከእናቴ ዘንድ ተቃውሞ ተነሣ። አባቴ ከማረፋቸው በፊት የትውልዳችንን ሐረግና ለልጆቻቸው የተዉትን ምክር በቃል ሲናገሩ፥ ታላቅ እኅቴ በኤክስፒው ላይ ባለው የአማርኛ መጻፊያ ጽፋው ነበር። ገጹ 31 ሲሆን በወረቀት የታተመ አልነበረም። እናቴም ይህን ያውቁ ነበርና፥ «ልጄ፥ አባትህ የተናገሩት ያለው በዚያ በአሮጌው ውስጥ አይደለም ወይ? እሱ ሲጠፋ ቃላቸው ወዴት ሊሄድ ነው?» አሉኝ።

ጥያቄያቸው ተገቢ ነበር። ጽሑፉን በእኅቴ ልጅ አዲስ ላፕቶፕ ገልብጠን ስንከፍተው፥ የላቲን ፊደልና ልዩ ልዩ ምልክት ተደበላልቆ ታየ እንጂ አንድ የአማርኛ ቃል አልነበረበትም። ምክንያቱ እንዲህ ነው። ዩኒኮድ የተባለው ዓለም አቀፍ የፊደል መዝገብ ፊደላችንን የተቀበለው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ዊንዶውስም የራሱን የግዕዝ ፎንት ይዞ የመጣው ከቪስታ ጀምሮ፥ በ1999 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የተሠሩት መጻፊያዎች የላቲኑን ፊደል ስፍራ እየተዋሱ የእኛን መልክ ያስቀምጡበት ነበር። በእንዲህ ያለው ፎንት የሚገኘው ስፍራ ቢበዛ 256 ነው። የእኛ ፊደል ግን 33ቱ በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል፤ በዚህ ላይ እንደ ቋና ጓ ያሉት ዲቃላ ፊደሎች፥ ቍጥሮችና ነጥቦች ይጨመራሉ። ስለዚህ አንዳንዱ መጻፊያ ፊደሉን በሁለት ፎንት ይከፍለው ነበር። ፎንቱ ከሌለ የሚቀረው የተዋሰው የላቲኑ ምልክት ብቻ ነው።

ፎንቱን ወደ አዲሱ ማዛወር ለጊዜው ይረዳል፤ ለልጅ ልጅ የሚቈየው ግን ጽሑፉን ወደ ዩኒኮድ መለወጥ ነው። ለዚህ የተዘጋጀ ፕሮግራም አግኝተን ለወጥነው። የእኅቴ ልጅ፥ «ጋሼ፥ አለቀ፤ አሁን አሮጌውን እናጥፋው» ቢለኝ፥ ቈይ አልሁት። በፍርድ ቤት የጽሕፈት ሥራ ግልባጭ ከዋናው ጋራ ሳይመሳከር ማኅተም አይመታበትምና፥ የአባቴም ቃል በዚሁ ሕግ እንዲሄድ ፈቀድሁ። እኔ ከላፕቶፑ ጮኬ ሳነብ፥ እሱ ከአሮጌው ኤክስፒ በዓይኑ ይከታተል ነበር፤ እናቴም ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

በዘጠነኛው ገጽ የቅድመ አያታችንን የትውልድ አገር ሳነብ፥ ከ«ራ» ፊት ባዶ ስፍራ አገኘሁ። ገና ሳልናገር እናቴ፥ «ቋራ ነው እንጂ! ምን ያሳስትሃል?» አሉኝ። ወደ አሮጌው ብንመለከት በእርግጥ «ቋራ» ይል ነበር። ለካ የለወጠው ፕሮግራም በሁለተኛው ፎንት የነበሩትን ዲቃላ ፊደሎች ዘልሏቸው ኖሯል። በጠቅላላው በ14 ስፍራ ጐድሎ አገኘነውና፥ ዋናውን እያየን ሞላነው። አሮጌው አስቀድሞ ጠፍቶ ቢሆን፥ የአንዱን ጕድለት እናቴ በመስማት ቢያቀኑት፥ የቀረውን የሚመሰክር ባልተገኘም ነበር። ከዚህ በኋላ ጽሑፉን አሳትመን፥ ለወንድሞቼና ለእኅቴ አንዳንድ ቅጂ ሰጠን።

ከማጥፋቱ በፊት አንድ ሌላ ፍተሻ ቀርቶ ነበር። ዊንዶውስ 7 በኤክስፒ ላይ ሲጨመር፥ ኮምፒውተሩን የሚያስነሡት ፋይሎች ብዙ ጊዜ በአሮጌው ክፍል ይቀመጣሉ። የአዲሱ ቤት ቍልፍ በአሮጌው ቤት ግድግዳ እንደ ተሰቀለ ይቈጠራል። ዲስክ ማኔጅመንት በሚባለው ገጽ «ሲስተም» የሚል ምልክት በአሮጌው ክፍል ላይ ከታየ ነገሩ ይህ ነውና፥ እነዚያ ፋይሎች ወደ አዲሱ ክፍል ሳይዛወሩ አሮጌውን መደምሰስ አይገባም። የእኅቴ ልጅ ይህን አዛውሮ፥ ኮምፒውተሩም በደኅና መነሣቱን ካሳየን በኋላ፥ እናቴ «እንግዲህ አጥፉት» አሉ፤ ጠፋም።

ዊንዶውስ 7ም በተራው ጥር 5 ቀን 2012 ዓ.ም. ጥበቃው አበቃ። ዊንዶውስ 10ም ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. በልዩ ምዝገባ ከሚሰጠው በቀር ያው ሆነበት። እንግዲህ ይህ ሥራ የብዙ ቤት ሥራ ነው። ከ10 ወደ 11 የሚያሳድግ ሰው፥ አሮጌው ሥርዐት ዊንዶውስ ኦልድ በሚባል ማኅደር እንደ ደንቡ ለ10 ቀን ብቻ እንደሚቈይለት ይወቅ። በእነዚያ 10 ቀኖች የቤቱን ጽሑፍ ሁሉ እየከፈተ ያንብብ፤ ይልቁንም አማርኛውን፥ ይልቁንም የሞቱትን ሰዎች ቃል፥ በዕድሜ የገፉት እየሰሙ ያስነብብ።