ዝናቡ ሳይቀድመን

እኛ የእስቴ ገበሬዎች ነን። የቤተ ክርስቲያናችን የሣር ክዳን አረጀ። ሰኔ ሳይገባ በደቦ ወጣን። ገሚሶቻችን ሰንበሌጥ አጨድን። ገሚሶቻችን ልጥ ላጥን። ሴቶቹ ቆሎና ጠላ ይዘው መጡ።

ክዳኑ ቢያፈስ ምን ይጎዳል? የመቅደሱ ሥዕል ያለው ግድግዳው ላይ በተለጠፈ የጥጥ ጨርቅ ላይ ነው። ውኃ ሲነካው ጨርቁ ይላቀቃል፤ ቀለሙም ይታጠባል። ሣር ቀላል ነገር አይደለም። በጋይንት ቤተልሔም የጥንቱን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ከዝናብ የጋረደው ክብ የሣር ቤት ነው። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓከንሃም ያገኘው በዚያ ክዳን ሥር ተሸሽጎ ነው።

ከድነን ስንጨርስ ገብተን ሥዕሉን አየን። ከሥሩ ጽሕፈት አለ። ድሮ ጌጥ ይመስለን ነበር። ዘንድሮ ግን ፊደል ቆጥረናል። «ጊ-ዮር-ጊስ» ብለን አነበብን። ደስ አለን!

ከጎኑ ሥዕሉን ያሣለው ሰው ስም ነበር። ዛሬ የቀረው ሁለት ፊደል ብቻ ነው። ሌላውን የአምና ዝናብ አጥቦታል።

«ማን ነበር ስሙ?» ብለን መሪጌታን ጠየቅናቸው።

«እኔም ልብ ብዬ አላነበብኩት» አሉና አቀረቀሩ።

እኛም ዝም አልን። አንድ ዓመት ብንቀድም ኖሮ እናነበው ነበር። የቀረውን ግን ከድነነዋል። አሁን ዝናቡ ይምጣ!